የምናረባው ውኃ ነው

ቤታችን ብቅ ያለ ሁሉ "ዓሣ ታረባላችሁ እንዴ?" ይለናል። አናረባም። የምናረባው ውኃ ነው። ውኃው ከተመቸው ዓሣው ራሱን ያኖራል። ውኃው ከከፋው ግን ዓሣውን ብናቆላምጠው፣ ብናበላው፣ ስም ብናወጣለት ትርፉ ድካም ነው።

እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዷ አዲስ አበባ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ዲግሪዋን ሻንጣ ውስጥ ይዛ የመጣች፣ ሌላዋ እዚሁ ነርሲንግ የምትማር። ከአባታችን ጋር የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ዳር ነው፤ አበሻ በአማርኛ ተጣልቶ በአማርኛ የሚታረቅበት ሰፈር። ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን 20 ጋሎን፣ ማለትም 76 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። በውስጡ የጨው ውኃ፣ አለት፣ ሁለት ዓሣ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና በጣት የሚቆጠር ኮራል ይገኛል። አባዬ በአጭሩ "ባሕሩ" ይለዋል። እኛም እንደሱ ማለት ለመድን።

ስለ ባሕሩ የምንጽፈው እዩልን ለማለት አይደለም (ኢንተርኔት ላይ ከእኛ የሚያምር ሞልቷል)። አንድ ነገር ስላስተማረን ነው። ሕይወት ያለው ነገር የሚጎዳው ቁጥሩ ከመጽሐፉ ስለራቀ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥበት ነው።

ከጨው እንጀምር። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ውቅያኖስ ሰፊ ስለሆነ ዝናብ ቢዘንብበትም ፀሐይ ቢመታውም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። 76 ሊትር ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ከገንዳችን በየቀኑ አንድ ሊትር ሊጠጋ የሚችል ውኃ ይተናል። የሚተነው ታዲያ ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ሦስት ቀን ዘወር ብንል ባሕሩ እሳት ላይ እንደተረሳ ወጥ ጨው እየበዛበት ይሄዳል። ስለዚህ የጎደለውን የምንተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ።

"ትክክለኛው ጨው ስንት ነው?" ብትሉን ቀይ ባሕርን እናሳያችኋለን። በደቡብ ባብ ኤል መንደብ አካባቢ 37 ገደማ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲወጡ ከ40 ያልፋል። በሁለቱም ጫፍ ኮራል ያድጋል፤ በሁለቱም ጫፍ ዓሣ ይዋለዳል። የደቡቡን ኮራል ነቅላችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰሜኑ ላይ ብታስቀምጡት ግን አደጋ ላይ ጣላችሁት። ሁለቱም ቁጥር ያኖራል፤ ችግሩ ያለው መዝለሉ ላይ ነው።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። ኮራል በሥጋው ውስጥ ምግብ የሚያበስሉለት ደቃቅ አልጌዎች አሉ። ባሕሩ ኮራሉ ከለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እየተካሄደ መሆኑ ተገልጾ ነበር፤ በታሪክ ሲመዘገብ አራተኛው ነው። አንድ ዲግሪ! እኛ ሻይ ስንጠጣ የማንለየው ልዩነት። ገንዳችን 25 ተኩል ላይ እንዲቆም ማሞቂያውን የምንጠብቀው ለዚህ ነው።

የቧንቧ ውኃ እንዳለ አንጠቀምም። አርሊንግተን ውኃዋን የምታገኘው ዋሽንግተንን ከሚያጠጣው ከዋሽንግተን አኩዊደክት ነው። ይህ ድርጅት ለማከሚያ የሚጠቀምበትን ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ2000 በክሎራሚን ተካው። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ከክሎሪን የሚመጡ ጎጂ ውሁዶችን ለመቀነስ ነው። ነገር ግን የውኃው ጠባይ ሲለወጥ ዋሽንግተን ውስጥ ባሉ አሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች ላይ ለዓመታት የተጋገረው ቅርፊት መሟሟት ጀመረ፤ እርሳሱም ሰው ብርጭቆ ውስጥ ገባ። ዋሽንግተን ፖስት እ.ኤ.አ. በ2004 ጉዳዩን ይፋ ሲያወጣው ከተማው ተናወጠ። ከእኛ መካከል ጋዜጠኛዋ ይህን ታሪክ የምትወደው ሙያዋን ስለሚያኮራ ነው፤ ነርሷ ደግሞ በጎ ሐሳብ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ስለሚያሳይ።

ለገንዳ ሲሆን ክሎራሚን ሌላም ጣጣ አለው። ለዓሣ መርዝ ነው፤ እንደ ክሎሪን በባልዲ አሳድሮ ማባረርም አይቻልም። ስለዚህ ውኃውን በማጣሪያ አልፎ ምንም እስከማይቀርበት ድረስ እናጠራዋለን፤ ከዚያ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው እንበጠብጥበታለን። በየሳምንቱ አንድ አሥረኛውን ውኃ እንቀይራለን፤ ሰባት ሊትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ግማሹን በአንዴ ቀይሮ መገላገል ሰነፍ ያደርገዋል፤ ባሕሩ ግን አይወድም።

ገንዳው ከተሞላ በኋላ አምስት ሳምንት ያለ ዓሣ ከረመ። ያን ጊዜ የመጣ እንግዳ ሁሉ መስታወቱን አንኳኩቶ "ዓሣው የታለ?" ይላል። "እየመጣ ነው" እንላለን፤ እንግዳውም ያዝንልናል። የምንጠብቀው የማይታየውን ነዋሪ ነበር። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም አደገኛ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ እሱ ብዙ እስካልተከማቸ ድረስ ይቻላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች አለቱ ላይ እስኪሰፍሩ ሳምንታት ይፈጃል፤ በገንዘብም በልመናም ብዙ አይፋጠንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዓሣ ገንዳ ይመስለናል።

አሁን ወደ አባዬ እንምጣ። አባዬ በ1970ዎቹ ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ክፍል ባለሙያ ነበር። (ይህ ጽሑፍ ስለ ወደብ አይደለም፤ ተረጋጉ።) የካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ ከጓደኞቹ ማን ቀረ፣ ማን ወጣ፣ ልጆች ሆነን ብንጠይቀውም አይነግረንም ነበር። አዲስ አበባ ጋራዥ፣ እዚህ ደግሞ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቶ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሥራ አቆመ። ከዚያ በኋላ ቀኑ አልመሽ አለው። ዩቲዩብ ላይ የሚጯጯሁ ተንታኞችን ሲያዳምጥ ይውላል፤ የደም ግፊቱም አብሯቸው ይወጣል፣ ይወርዳል።

ገንዳውን ያመጣነው እኛ ነን፤ ደብተሩን ያመጣው ግን እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን መስመር የተሰመረበት ደብተር ገዝቶ መጣ። መርከብ ላይ በየሰዓቱ የሞተሩን ሙቀትና ግፊት መዝገብ ላይ ያሰፍሩ ነበር። "መርፌው የት ነው ብቻ አይደለም፣ ወዴት እየሄደ ነው ብለህ ትጠይቃለህ" አለን። መጽሐፍ አንብበን ልናስረዳው ያሰብነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

ከሁሉም አብልጦ የሚከታተለው አልካሊኒቲን ነው። አልካሊኒቲ በአጭሩ ውኃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም ነው። ኮራል አፅሙን የሚገነባው ከዚሁ ካርቦኔትና ከካልሲየም ስለሆነ ሲያድግ ሁለቱንም ከውኃው ይመገባል። አልካሊኒቲ ከ7 እስከ 11 ባለው መካከል የትም ቢሆን ኮራል ይኖራል። በአንድ ቀን ከ7 ወደ 11 ቢዘል ግን ሥጋው ከአፅሙ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ አባዬ በየማለዳው በሲሪንጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። አንድ ቀን ቢያልፈው በማግስቱ እጥፍ አይሰጥም። "የትናንቱ አልፏል፤ የዛሬውን ስጥ" ይላል።

እዚህ ላይ ነው ነርሷ እህት ጆሮዋ የቆመው። ምክንያቱም ይኸው ሰው የራሱን የግፊት ክኒን እንዲህ አይወስድም። ደህና ሲሆን "ተሽሎኛል" ብሎ ሳምንት ይተወዋል፤ ራሱን ሲያመው ደግሞ ሁለት ይውጣል። ስንት ጊዜ ተነገረው! ሐኪሙ ነገረው፣ ቄሱ ነገሩት፣ እኛ አለቀስንበት። አባት ደግሞ ከልጁ ምክር አይቀበልም። እኛም ክርክሩን ትተን ደብተሩ ላይ በስተግራ አንድ ዓምድ አሰመርንና ከላዩ "የካፒቴኑ ግፊት" ብለን ጻፍንበት። ሁለት ቀን ባዶ ተወው። በሦስተኛው ቀን 158 በ96 የሚል ቁጥር ገባ። ባዶ ሰንጠረዥ ማየት አይችልማ! ከሳምንት በኋላ ከቁጥሩ ጎን "ክኒን 1" የሚል ጽሑፍ ተጨመረ። በማግስቱም፣ በሚቀጥለውም ቀን። ማንም ምንም አላለም።

ወደ ዓሣው ምርጫ ስንመጣ ትንሽ ተጨቃጨቅን። የአበሻ ቤት ሙሉ ካልሆነ ቤት አይመስለውም፤ ገንዳም ባዶ ሲሆን ያሳፍረዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ዓሣ አፍ ብቻ ሳይሆን አሞኒያም ነው። ያቺ በፊልም የታወቀች ሰማያዊ ዓሣ ስታድግ 30 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፤ እኛ ገንዳ ውስጥ ማስገባት ዝሆንን ኮንዶሚኒየም ማከራየት ነው። የመረጥነው ሁለት ክላውንፊሽ ነው፤ ከባሕር የተያዙ ሳይሆን በገንዳ ተፈልፍለው ያደጉ። (ሁሉም ወንድ ሆነው ይወለዳሉ፤ ከጥንዱ ትልቁ ሴት ይሆናል። ቤቱን የምትመራውም እሷ ናት።) ከኮራልም ለስላሳዎቹንና ቻዮቹን ወሰድን። ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ መሳዮች አንዳንዶቹ ብርቱ መርዝ ስላላቸው ያለ ጓንት አንነካቸውም።

ዓሣዎቹ በገቡ በሳምንቱ አባዬ ረጅም ጊዜ አያቸውና "የኛው ሁለት ቀለበት ነበር ያለው" አለ። የእነዚህ ነጭ ቀለበት ሦስት ነው። ጋዜጠኛዋ ወዲያው አጣራች። እውነት ነው፤ የቀይ ባሕሩ ክላውንፊሽ ባለ ሁለት ቀለበት ነው። ከ40 ዓመት በኋላ አልሳተም። ያን ምሽት ዳህላክ አጠገብ መርከቧ መልሕቅ ጥላ ስትቆም ከጓደኛው ጋር እየጠለቁ ያዩትን ነገረን፤ የጓደኛውንም ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማን።

ያንኑ ዓሣ ልንገዛለት አሰብን። ችግሩ ዓሣው ከኛዎቹ ይተልቃል፣ ጠበኛም ነው፤ 76 ሊትር ውስጥ ከእነዚህ ጋር አይሆንም። ለአባዬ እንዴት እንንገረው ስንል እሱ ቀድሞን ደብተሩ ላይ "ባለ ሁለት ቀለበት፦ ቦታ የለም" ብሎ ጽፎ አገኘነው። በምትኩ ዜኒያ ገዛን። ዜኒያ ቀይ ባሕር ውስጥም የሚገኝ ለስላሳ ኮራል ነው፤ ጣቶቹን እየከፈተና እየዘጋ ቀኑን ሙሉ ያጨበጭባል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው የዚሁ ወገን ኮራል ሲያጨበጭብ በሥጋው ዙሪያ የተከማቸውን ኦክስጅን ያባርራል፤ ይህም ለአልጌዎቹ ሥራ ይረዳል። ቶሎ ስለሚዛመት ለብቻው ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። አባዬ ከቡናው በፊት የሚያየው እሱን ነው።

ገንዳ ለመግዛት ለምታስቡ አንድ ምክር አለን፦ ከዓሣው በፊት ደብተር ግዙ። የመጀመሪያው ወር ያሰለቻል፤ ከዚያ በኋላ መሰልቸቱ ራሱ ደስ ይላል።

እኛ "ለውጥ" የሚለውን ቃል ከየአቅጣጫው ስንሰማ ያደግን ትውልድ ነን። ትናንት ማታ የአባዬን መዝገብ ገለጥን። በቀኝ በኩል፦ ጨው 35፣ ሙቀት 25.5፣ አልካሊኒቲ 8.2። በግራ በኩል፦ 128 በ82፣ ክኒን 1። ከሥሩ በባሕር ኃይል የእጅ ጽሑፍ፦ "ለውጥ የለም።"