ክሩን አላልቶ ማሰር

በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ያለውን ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄድሁ። በልጅነቱ እኔ ዘንድ ሲያድግ ቁጣዬ በዝቶበት ከቤቴ የወጣ ነው። በቤቱም የመስተዋት ገንዳ አቁሞ፣ በቀይ ባሕርም የሚገኘውን እንጉዳይ መሰል ለስላሳ ኮራል ያረባል። ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ባለበት፣ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃ ይኖራል።

ወንድሜ ጓንት አጥልቆ ከኮራሉ ጫፍ በምላጭ ቈረጠና «ጋሼ፣ ይህን በድንጋይ ላይ እሰርልኝ» አለኝ። እንዳይወድቅ ብዬ አጠበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ክሩ ገላውን ቈርጦት ቁራጩ ተንሳፎ ተገኘ። አፈርሁ። እርሱ ግን ሳይቈጣ ሌላ ሰጠኝ፤ አላልቼም አሰርሁት፤ የውኃው ግፊት በሚበርድበት ጥግ አኖርነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቁራጩ ድንጋዩን በራሱ ይዞ ስላገኘነው ክሩን ፈታነው፤ የእናቲቱም ቁስል ድኖ ነበር። ያን ጊዜ ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁትና «በልጅነትህ አጥብቄብህ ነበር» አልሁት።

ወላጆች ሆይ፣ ማሰር ልጅ በራሱ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ነው።