የደረት አበባ በቄራ

ቄራ ሲባል በሰው ልቡና ቀድሞ የሚመጣው ሥጋና ቢላዋ ነው፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ስለ ሆነ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ወደ ግቢዎቹ ገባ ብሎ ያየ ሰው ከቆርቆሮው ጣራ ሥር፥ በዘይት ጣሳና በተሰነጠቀ ባልዲ፥ ጤና አዳሙን፥ አሪቲውንና በሶ ብላውን ተደርድሮ ያገኘዋል። አክስቴ በዚህ ሰልፍ ላይ ኦርኪድ ጨምረውበታል። ይህን በመሥሪያ ቤት ባወራሁ ቊጥር ባልደረቦቼ፥ «ኦርኪድ? ያውም በቄራ!» እያሉ ይሥቁብኛል። እንግዲህ ለእነርሱና በአንዲት የኪራይ ክፍል፥ በአንድ ክንድ በረንዳ ለሚኖሩ መሰሎቻችን ሁሉ የማውቀውን ልጽፍ ተነሣሁ።

ኦርኪድ በዓለም ላይ ከ25,000 የሚበልጥ ዓይነት አለው። ሴቶች በሰርግና በግብዣ ቀን ደረታቸው ላይ በመርፌ የሚሰኩት፥ ትልቁና ወይን ጠጁ ግን ካትሌያ ይባላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ዊልያም ስዌንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከብራዚል ተክሉን ወደ አገሩ ላከ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዊልያም ካትሊ በሚባል ነጋዴ የመስተዋት ቤት ውስጥ አበበ፤ የዕፅዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊም በነጋዴው ስም ጠራው። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያለ ካትሌያ ግብዣ የምትሄድ ወይዘሮ ልብሷ የጐደለ ይመስላት ነበር ይባላል።

ይህ አበባ ወደ እኛ ግቢ የገባው ጐረቤታችን የነበሩ አንዲት ወይዘሮ ወደ ልጆቻቸው፥ ወደ ውጭ አገር፥ ሲሄዱ ሁለት ሸክላ ለአክስቴ ትተው ስለ ሄዱ ነው። በአንደኛው ካትሌያ፥ በሁለተኛው ቅጠሉ እንደ ሣር የረዘመ ሲምቢዲየም የሚባል ኦርኪድ ነበረበት። አክስቴ ሁለተኛውን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም፤ ልባቸው ያረፈው በካትሌያው ላይ ነበር። ልጃቸው በጥር ልትዳር ታጭታለችና፥ ከገዛ ግቢያቸው በተቈረጠ ወይን ጠጅ አበባ ሊያስጌጧት ቈርጠው ነበር። እኔ በበኩሌ ከተማ ውስጥ የአንዱን አበባ ዋጋ ብጠይቅ የወር ደመወዜን ሩብ ስለ ነገሩኝ፥ የአክስቴ ሐሳብ እጅግ ብልህነት ሆኖ ታየኝ።

ሁለት ዓመት ጠበቅን። ካትሌያው አልሞተም፤ አላበበምም። ቅጠሉን እንደ ቈዳ አደንድኖ ዝም አለ።

የውጭ አገር የአበባ መጻሕፍት «ውርጭ በሌለበት አትክልት ቦታ ይበቅላል» ይላሉ። አንባቢም አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ላይ መሆኗን አስቦ፥ «እንግዲያው የኛ አገር ምን ጐደላት?» ይል ይሆናል። የጐደለው ሙቀት ነው። ቄራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰፈር ነው፤ አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቊጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ካትሌያ ደግሞ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ያኰርፋል። ስለዚህ ውርጭ የለም ማለትና ሙቀት አለ ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። አክስቴ በየማታው ሸክላውን ተሸክመው ቡና ወደ ተፈላበት ክፍል ያስገቡት ነበር፤ እሳቱ ግን እስከ እኩለ ሌሊት እንኳ አይቈይም።

ያ የተናቀው ሲምቢዲየም የሂማላያ ተራሮችና የአካባቢው ዘር ነው። የመስከረምና የጥቅምት ፀሐይ፥ ከዚያም የኅዳር የሌሊት ቅዝቃዜ፥ ለእርሱ ቅጣት ሳይሆን የአበባ ጥሪ ነው። በሁለተኛው ዓመት፥ በኅዳር መጨረሻ፥ ከግንዱ ሥር እንደ እርሳስ ጫፍ የሾለ ነገር ብቅ አለ። አክስቴ አረም መስሏቸው ሊነቅሉት ሲሉ እጃቸውን ያዝሁ።

አሁን ስለ አያያዙ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚያጣው በዚህ ነውና። እነዚህ ኦርኪዶች እንደ ጐመን በጥቁር አፈር አይተከሉም። የካትሌያ ሥር በተፈጥሮው በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚጣበቅ፥ ውሃ የሚመጥ ነጭ ስፖንጅ የለበሰ ሥር ነው፤ አየር ካጣ ይበሰብሳል። የሲምቢዲየሙም ሥር ቢሆን የታፈነ አፈር አይወድም። እኛ የተጠቀምነው ከማድቤት የተረፈ ከሰል ነው፤ ዱቄቱን ነፍተን፥ አውራ ጣት የሚያህለውን መርጠን፥ አጥበን፥ ከዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ጋር ደባለቅነው። ሸክላው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ክረምት ሲገባ ጣራ ሥር ይጠጋ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ ሁሉ ይጠጣ ከተባለ ይሞታል። በበጋ ሲደርቅ ጠዋት ጠዋት ማጠጣት ይበቃል። ቅጠሉ በጣም ከጠቈረ ብርሃን አንሶታል፤ ከገረጣ በዝቶበታል፤ በከፍታችን የእኩለ ቀን ፀሐይ ስለታም ነውና ስስ መጋረጃ አይከፋም።

ማዳበሪያውስ? ቄራ ነንና ምክር ሞልቷል። አንዱ ጐረቤት የበሬ ደም በጣሳ ይዞልን መጣ፤ «ጽጌረዳዬን ያሳበደው ይህ ነው» ሲል ማለልን። አክስቴ አመስግነው ተቀብለው ለጽጌረዳ ሰጡት። ኦርኪድ በጣም የቀጠነ ማዳበሪያ በጥቂት በጥቂቱ እንጂ እንዲህ ያለ ድግስ አይችልም።

አክስቴ ኦርኪድ የፈረንጅ አገር ነገር ብቻ ይመስላቸው ነበር። እኔም ከእርሳቸው የተሻለ የማውቀው አልነበረኝም፤ ኋላ ግን ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መጽሐፍ አየሁ። በአገራችን ከ160 የሚበልጥ ዓይነት ይገኛል። በዚያው ሰሞን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጅማ ወረድሁ። በአንድ የቡና ጫካ ገበሬው የጥላ ዛፎቹን ሙጭርጭር አድርጎ ሲያጠራ ደረስሁ፤ ከወደቀው ቅርንጫፍ ጋር አንድ ተክል ተንጠልጥሎ ነበር። አበባው እንደ ኮከብ ነጭ ሲሆን፥ ከኋላው ወደ ስንዝር የሚጠጋ ቀጭን ጅራት አለው። ኤራንጊስ ከሚባሉት ወገን ነበር። ሲመሽ ሽታው ጫካውን ሞላው፤ ጅራቱ ውስጥ ያለውን ማር የሚደርስበት ረዥም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ነውና የሚጠራው እርሱን ነው።

ገበሬው፥ «ጌታዬ፥ ከወደዱት ይውሰዱት፤ እኔ እንደሆነ እጥለዋለሁ» አለኝ። ቦርሳዬ ባዶ ነበር፤ የአክስቴም ፊት ታየኝ። ሆኖም የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ፥ ስንቅ የሌለው፥ ከጫካው ረቂቅ ፈንገስ ካልተጠጋ የማይበቅል ነው፤ አንድ ተክል ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ሰዎች ያሉበት፥ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የጫካው መቈራረስና የቡናው አያያዝ ሁለቱም በዛፍ ላይ የሚኖሩትን ኦርኪዶች እንደሚያመናምኑ ያስረዳል። በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት ኦርኪድን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ከዛፍ አውርዶ ቄራ ማምጣትን ግን ማንም ጠባቂ አያየውም። ከገበሬው ቃጫ ለመንሁና፥ ተክሉን መልሰን ባልተነካ ዛፍ ላይ ሁለታችን አሰርነው። «ለቅጠል ይህን ያህል ድካም!» ብሎ ሣቀ፤ ቋጠሮውን ግን ከኔ ይልቅ ያጠበቀው እርሱ ነበር።

በጥር ሲምቢዲየሙ አሥራ አንድ አበባ ከፈተ፤ ቢጫ ሆኖ ከንፈሩ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት። አክስቴ ሁለቱን ቈርጠው፥ ጫፋቸውን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልለው፥ በልጃቸው ደረት ላይ ሰኩ። የቀሩት በሸክላው ላይ እንዳሉ ሰርጉ አልፎ፥ መልሱ አልፎ፥ ዐቢይ ጾም እስኪገባ አልረገፉም።

ካትሌያውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠነው፤ በአርባ ምንጭ አስተማሪ ነው፤ ያ አገር ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ያለ ሞቃት ነው። ሥሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ወሰደው። በማግሥቱ ዓመት ፎቶግራፉን በስልክ ላከልን፤ መዳፍ የሚያህል ወይን ጠጅ አበባ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር። አክስቴ ስልኬን አርቀውም አቅርበውም አዩና፥ «ለካስ ብርድ ኖሯል ሕመሙ» ብለው ባዶ የቀረውን ሸክላ ለሲምቢዲየሙ ልጅ ያጥቡ ጀመር።