ልጄ ራሱ ያንብበው

ድሮ ማስታወቂያ የሚለጠፈው በቀበሌ ወይም በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ነበር። ማየት የማይችል ሰው አጠገቡ የቆመውን ይለምናል፤ ያም ጮክ ብሎ ያነብለታል። ዛሬ ማስታወቂያው ወደ ስልካችን መጥቷል። ምዝገባው፣ የፈተናው ውጤት፣ የክፍያው ቀን፣ የሥራ ቅጥሩ ሁሉ በድረ ገጽና በቴሌግራም ነው። ለእኔ ቤት ይህ ትልቅ የምሥራች ሊሆን ይገባው ነበር። የበኩር ልጄ ዓይነ ስውር ነው፤ ስልኩ ደግሞ ያነብለታል።

“ስልክ እንዴት አድርጎ ያነባል?” የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ ላስረዳ። እኔ ወልቂጤ የምኖር መምህር ነኝ። ልጄ ዓይኑን ያጣው በሕፃንነቱ በኩፍኝ ነው። ብሬል ተምሮ፣ በጣቱ እያነበበ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የመጣ አጎቱ ስልክ ገዝቶለት ሴቲንግ ውስጥ ገባና ቶክባክ የሚባለውን አገልግሎት ከፈተለት። ይህ በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አብሮ የሚመጣ፣ ገንዘብ የማይከፈልበት ነገር ነው። ልጄ ጣቱን በስክሪኑ ላይ ሲያንሸራትት ስልኩ የነካውን በድምፅ ይነግረዋል፤ የፈለገውን ሲያገኝ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ይከፍተዋል። ለአማርኛው ኢስፒክ የተባለ ነፃ ድምፅ ጫኑበት። ድምፁ አፍንጫውን የተያዘ ሰው ይመስላል። ልጄ ግን ስለለመደው እኔ አንድ ቃል በማልለይበት ፍጥነት ያዳምጠዋል።

ለኮምፒውተርም ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ሲሆን፣ አብሮት የሠራው ጄምስ ቴህም ዓይነ ስውር ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ በጣም ነበር የተደሰተው። መሣሪያውን ለዓይነ ስውራን የሠሩት ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው!

ችግሩ ስልኩም ሆነ ኮምፒውተሩ የሚያነበው የተጻፈ ፊደል ሲያገኝ ብቻ መሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ ለሥልጠና ወደ አንድ ተቋም አመለከተ። ተቋሙ የተቀበላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝርና የምዝገባውን ቀን በቴሌግራም ገጹ አወጣ። የወጣው ግን ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ነው። ልጄ ጣቱን ሲያሳርፍበት ስልኩ የተናገረው “ፎቶ” የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር። ደግሞ ነካው፤ “ፎቶ”። የበዓል መልካም ምኞት ይሁን የስብሰባ ምስል በምን ይወቅ? ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የጎረቤት ልጅ “ስምህን አይቼዋለሁ እኮ!” ብላው ሰማን። በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን ደረስን።

“ደረሳችሁ አይደል፣ ታዲያ ምን ችግር አለ?” ያለኝ ሰው ነበር። ችግሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሃያ ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜው የራሱን ውጤት ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ያየዋል። ከባንክ የመጣለትን መልእክት፣ የሚስጥር ቁጥሩን፣ የሐኪም ወረቀቱን ለሌላ ሰው ዓይን አሳልፎ መስጠት ይኖርበታል። እኛ በሕይወት እስካለን እናነብለታለን። ከእኛ በኋላስ? የአካል ጉዳተኛ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህ ጥያቄ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳ ታውቁታላችሁ።

ከምዝገባው በኋላ ልጄ “አባዬ፣ ገጹን የሚሠራውን ሰው እናነጋግረው” አለኝ። ለክስ አልሄድንም። ያገኘነው ትሑት ወጣት ነው። ልጄ ስልኩን ሰጠውና “እስቲ ዓይንህን ጨፍነህ የራስህን ማስታወቂያ ፈልግ” አለው። ወጣቱ ጨፍኖ ሞከረ። “ፎቶ… ፎቶ… ፎቶ።” መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። ቆይቶ “ሰው እንዲያምነው ማኅተሙ መታየት አለበት” አለን። እውነቱን ነው። ልጄም “ማኅተሙ ይታይ፤ ከሥሩ ግን ቃሉን ጻፍልኝ” አለው። ደብዳቤው መጀመሪያውኑ በኮምፒውተር የተጻፈ ስለሆነ፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ከፎቶው ሥር መለጠፍ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ሁለቱ የተቋሙን ድረ ገጽ ከፍተው አብረው አዳመጡት። ቅጹ ላይ “ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ” ይላል፤ የትኛው “ላክ” እንደሆነ፣ የትኛው “ሰርዝ” እንደሆነ አይናገርም። ዓይን ላለው በሥዕል ይታወቃል፤ ለአንባቢው ፕሮግራም ግን ከጀርባው ስም ካልተጻፈለት ሁሉም አንድ ነው። አንድ የቆየ መመሪያ ሲከፍቱ ደግሞ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ያዘንብ ጀመር። ወጣቱ ምክንያቱን ያውቀው ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ለዓይን “ሀ” እያሳዩ ውስጡን የላቲን ምልክት ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ የተጻፈ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ከቆየ ለዓይነ ስውር ሰው ዝብርቅርቅ ነው። የሚገርመው፣ ድረ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች እንዴት መሠራት እንዳለባቸው የሚናገረው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ መመሪያም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በግንባር ቀደምትነት ያስቀመጠውም ሥዕል ሲኖር ምትኩን በጽሑፍ አብራችሁ አቅርቡ የሚል ነው።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ የሚመስለው ካለ ስለ እናቴ ልንገረው። እናቴ የሚኖሩት ቡታጅራ ነው። ትራኮማ ዓይናቸውን ጎድቶት በዚያው በከተማቸው በግራርቤት ሆስፒታል ታክመው ተርፈዋል፤ ቢሆንም ደቃቅ ፊደል አይታያቸውም። የተጻፈ መልእክት ሲደርሳቸው የስልካቸውን ፊደል እንደ ጣት አሳድገው ያነባሉ። ደብዳቤው በፎቶ ሲመጣ ግን ባሳደጉት ቁጥር ይደበዝዛል፤ ግማሹም ከስክሪኑ ይወጣል። ለልጄ የተከፈተው በር ለአያቱም ተከፈተ ማለት ነው። ከመካከላችን ዕድሜ የሰጠው ሁሉ ነገ በዚያው በር ማለፉ አይቀርም።

አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ መንገድና ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ስለ ኢንተርኔትም ይናገራል። ስለዚህ የሚጠየቀው ውለታ ሳይሆን መብት ነው። ይሁን እንጂ ሕጉን በየቢሮው እስኪያስፈጽሙልን ቁጭ ብለን መጠበቅ አይኖርብንም። የጉራጌ ሰው መንገድ እስኪመጣለት አልጠበቀም፤ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ከኪሳቸው አዋጥተው፣ ማኅበር መሥርተው ነው አገራቸውን ከመኪና ያገናኙት። ይህኛው መንገድ ደግሞ ገንዘብም አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ከየት እንጀምር ካላችሁ ከቤታችሁ ጀምሩ። የዕድር፣ የወላጆች ኮሚቴ ወይም የዘመድ የቴሌግራም ግሩፕ ያላችሁ፣ ፎቶ ስትልኩ ከሥሩ የሚለውን በሁለት መስመር ጻፉ። ድምፅ ስትልኩም እንዲሁ፤ ጆሮ የማይሰማ ዘመድ አለና። ድረ ገጽ የሚሠራ ልጅ ያላችሁ፣ ሥራውን ዓይኑን ጨፍኖ እንዲሞክረው ንገሩት።

ልጄ ሥልጠናውን ጀምሯል። የተቋሙ ማስታወቂያዎች አሁን ከነጽሑፋቸው ይወጣሉ፤ የድረ ገጹ ቅጽ ግን ገና አልተስተካከለም፤ ወጣቱም በአለቆቹ ፈቃድ እየጠየቀ ነው። በእኛ ቤተሰብ ግሩፕ የዘንድሮው የመስቀል በሬ መዋጮ የተነገረው ተጽፎ ነው። ልጄም ድርሻውን ራሱ አንብቦ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ላከ።