ወስዳ የምትመልስ

ለስምንት ወር ያህል መኪና መግዛቴን ለአባቴ አልነገርኩትም። በቪዲዮ ስንደዋወል እሷ እንዳትታይ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር የምይዘው። አንድ ቀን አምልጣኝ ታየችና «ያቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?» ሲለኝ፣ «የጎረቤት ናት» አልኩት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ኪራዬን ራሴ እከፍላለሁ፣ ሠርቼ ነው የማድረው። ግን አባቱ ታክሲውን ሸጦ የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠለት ልጅ፣ ለመዝናኛ ብሎ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና ገዛ የሚለው ወሬ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

የአባቴ ታክሲ ላዳ ነበረች። ሰማያዊና ነጭ፣ የሶቪየት ሥሪት፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ድምጿን ከሩቅ የሚለያት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አብሬው እውል ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ ሲወርድ ወደ ፊት እመለሳለሁ። አባቴ መኪና የሚመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወስዳ ትመልሳለች ወይስ አትመልስም። የፈለገውን ያህል ውድ መኪና ቢያይ «ታምራለች፤ ግን ወስዳ ትመልሳለች?» ይላል።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው ያየኋት። ወደ ቦሌ እየሄድን መብራት ያዘን። ሊመሽ ሲል ነው። ከጎናችን አንዲት ትንሽ፣ ቀይ፣ ጣሪያዋ የተገለጠ መኪና መጥታ ቆመች። የኤምባሲ ታርጋ ነበራት። ፊቷ ላይ መብራት የሚባል ነገር የላትም። ሾፌሩ አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ፣ ከኮፈኑ ላይ ሁለት ዓይን ቀስ ብሎ ተነሣ። ከእንቅልፉ የነቃ እንስሳ ነው የመሰለኝ። መብራቱ ለቀቀና ሄደች። ለአባቴ «አየሃት?» አልኩት። «ለሁለት ሰው መኪና!» አለና ሳቀ። «ይቺ ወስዳ የምትመልስ አይደለችም። መጫወቻ ናት።»

ስሟን ያወቅኩት ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ ሁሉ ኳስ ነበር የሚጫወቱት፤ እኔ ተራዬ ሲደርስ ግራን ቱሪስሞ ይከፈትልኝ ስል ይጮኹብኛል። ጌሙ ውስጥ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ትባላለች። አሜሪካኖቹ ሚያታ ይሏታል። ጌሙ ላይ ከነበሩት መኪኖች ፈጣኗ አልነበረችም። ግን ዓይኗን የምትገልጥ ነበረች፤ ለእኔ ያ ይበቃኝ ነበር።

ታሪኳን ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሐሳቡን ለማዝዳ ሰዎች ያቀረበው ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ነው። እንግሊዞቹ በ1960ዎቹ ይሠሯቸው የነበሩት፣ እንደ ሎተስ ኢላን ያሉ ትንንሽ ክፍት መኪኖች ጠፍተው ነበር። እነሱ ሲነዱ ደስ ይላሉ፤ ግን ዘይት ያፈስሳሉ፣ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ያንኑ ዓይነት፣ ግን የማይቆም። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ታየች። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች።

ጃፓኖቹ ሲነድፏት የያዙት መመሪያ «ጂንባ ኢታይ» ይባላል። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ሳቅኩ። እኛ እኮ ይሄን ለማወቅ ጃፓን መሄድ አያስፈልገንም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰውየውና ፈረሱ አንድ ስም ይጋራሉ። ለዚህ ሲባል መኪናዋ ቀላል መሆን ነበረባት። የእኔዋ የ1994 ሞዴል ናት፤ ከአንድ ቶን ብዙም አትበልጥም። ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ ጉልበቷ 128 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ብዙ ተራ የቤት መኪና ከዚያ በላይ አለው። ግን ኩርባ ላይ መሪዋን ስትይዝ መሬቱን በእጅህ የዳሰስከው ነው የሚመስልህ።

ዲቪ ደርሶኝ ወደ ቨርጂኒያ ስመጣ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ትኬቱን ለመግዛት አባቴ ላዳዋን ሸጠ። «አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ» ብሎ ነው የነገረኝ፤ ከዚያ በኋላ አንስተነው አናውቅም። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ፓርኪንግ ነበር የሠራሁት፣ ሌሊት ሌሊት። የሰው መኪና ተቀብዬ አቆማለሁ፣ አውጥቼ እሰጣለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ቁልፍ ይዤ ሦስት ፎቅ ምድር ቤት ወረድኩ፣ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ማስታወቂያ ላይ አየኋት። ቀይ። 5,400 ዶላር። 141 ሺህ ማይል ሄዳለች። ስሄድ ኪሴ ውስጥ ማግኔት ይዤ ነበር፤ አባቴ መኪና ሊያይ ሲሄድ የሚይዘው ዓይነት። ላሜራው ላይ እያስጠጋህ ትሄዳለህ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ከበሩ ኋላ፣ ከታች በኩል፣ ማግኔቱ አልያዘም። የእነዚህ መኪኖች ሕመም ነው፦ የሸራ ጣሪያው የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን፣ ውሃው ከውስጥ ተጠራቅሞ ብረቱን ይበላዋል። ይሄን አውቃለሁ። አባቴ ቢሆን «አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። ሽማግሌው ሻጭ ግን መብራቷን አበራው። ሁለቱ ዓይኖች ተነሡ። ከፈልኩ።

ከዚያ መቀየር ጀመርኩ። 14 ኢንች የነበረውን ቸርኬ በ15 ቀየርኩት። ቁመቷን ለማውረድ ኮይልኦቨር የሚባለውን፣ ሾክና ሞላው አንድ ላይ የሆነውን ዕቃ አስገባሁ። መጀመሪያ በጣም አውርጃት ጎማው ከውስጥ በኩል ላሜራ እየነካ ሲፋቅ ነው መለስ ያደረግኳት። ማርሚታውን ለውጬ ድምጿን ጎላ አደረግኩት። ብትገለበጥ ጭንቅላቴን የሚጠብቅ የብረት ቅስት ከወንበሮቹ ኋላ አሰርኩ። ትንሽ መሪ። አዲስ ሸራ፣ ምክንያቱም የድሮው የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ የሚያሳየው ጭጋግ ብቻ ነበር። በስምንት ወር ወደ 4,000 ዶላር። ወደ ብር መመንዘር ለራሴ ከልክዬ ነበር። በየወሩ ለቤት የምልከውን አላጓደልኩም፤ ግን እህቴ «የትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ» ብላ የጻፈችልኝ ቀን፣ ቸርኬዎቹ በር ላይ በካርቶን ተቀምጠው ነበር። የጠየቀችውን ላክሁላት። ካርቶኑን ግን ለሦስት ቀን አልከፈትኩትም።

አንድ ሌሊት ከሥራ ስወጣ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ፍሪሲዮን ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ቀረ። አልተመለሰም። ጎተት አድርጌ ዳር አስያዝኳት። ቤቴ ገና ዘጠኝ ማይል ይቀራል። ለመጎተቻ መኪና ልደውል ስልኬን ሳወጣ፣ አባቴ ትዝ አለኝ። ላዳዋ ፍሪሲዮን የሞተባት ቀን እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ተሳፋሪም ነበረን። አባቴ ለሰውየው ምንም አልነገረውም። መብራት ሲይዘን ሞተሩን ያጠፋል። አንደኛ ማርሽ ያስገባል። ሲለቅ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ እየተነሣ መኪናዋንም ገፍቶ ያስጀምራታል። ከዚያ ማርሽ የሚቀይረው የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ፣ ካምቢዮው ራሱ «እሺ» ሲል ነው። ሰውየው ቤቱ ደረሰ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስነሣ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች። ሁለተኛው ላይ ተሻለ። ሦስተኛውን ያለፍኩት ሳይታወቀኝ ነው። ቤት ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ ነግቷል። ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ያቺ ቀይ መኪና የጎረቤት አይደለችም።»

ዝም አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ዋጋውን፣ ቸርኬውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ እንዴት ነድቻት እንደመጣሁ። የላዳዋን ነገርም አነሣሁ። «ያንተን አሽጬ፣ እኔ ለጨዋታ...» ስል አቋረጠኝ።

«ካቴና ናት ቺንጊያ?»

«ምን?»

«ሞተሯ። ከላይና ከታች የሚያያይዘው። የእኔ ላዳ ካቴና ነበራት። ያንተዋስ?»

«ቺንጊያ ናት።»

«መቼ ተቀየረ?»

አላውቅም ነበር። በየ60 ሺህ ማይሉ መቀየር አለበት። ቁመናዋን፣ ድምጿን፣ ጫማዋን ቀይሬ፣ ቢበጠስ መንገድ ላይ የሚያስቀረኝን የጎማ ቺንጊያ አንድም ቀን አላየሁትም። «ልጄ» አለ፣ «ሳትታጠብ ነው የኳልካት።» ከዚያ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ልንዘጋ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦

«ባዶዋን ስትነዳት... ማለቴ ተሳፋሪ ሳይኖር፣ የምትሄድበት ሳይኖርህ... እንዴት ነው?»

መልስ ጠፋኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። «እኔ ባዶዋን ከሄድኩ ኪሳራ ነው» አለኝ። «አንድ ቀን ለራሴ ነድቻት አላውቅም።»

ስምንት ወር ሙሉ ይቆጣኛል ብዬ ስደበቅ የነበረው ይሄን ሊጠይቀኝ ከሚችል ሰው ነው።

ፍሪሲዮኑን ያዳከመችው ዕቃ ከጣቴ ብዙም የማትረዝም ሲሊንደር ሆና ተገኘች፤ 30 ዶላር። ቺንጊያውን ግን ሁለት ቅዳሜ ሠራንበት። «ሠራንበት» የምለው አባቴ በስልክ ስለነበረ ነው። እዚያ እህቴ ስልኩን ይዛለታለች፤ እዚህ እኔ የዕቃ ሳጥኑ ላይ አስደግፌዋለሁ። በአንድ ነገር ብቻ አልተግባባንም፤ እኔ የዕቃዎቹን ስም የተማርኩት ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ነው፣ እሱ ከጣሊያን በወረሰው የጋራዥ አማርኛ ነው የሚናገረው። ውሃውን አፈሰስኩ፣ ከፊት ያሉትን ቺንጊያዎች አወጣሁ፣ ሽፋኑን ፈታሁ። «ከመፍታትህ በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርግ» አለኝ። «ምልክት እኮ አላት አባዬ፣ ጥርሳሞቹ ላይ ፊደል ተጽፏል።» «እሱ የፋብሪካው ምልክት ነው። አንተ የራስህን አድርግ።» የውሃ ፓምፑንም እዚያው ቀየርነው፤ እሱን ብቻ ለመቀየር እንደገና ያን ሁሉ መፍታት ስለሚያስፈልግ። አዲሱ ሲገባ ቁልፍ ላስነሣ ስል ጮኸብኝ። «መጀመሪያ በእጅህ! ሁለት ዙር በእጅህ አዙራት!» አዞርኩ። ምልክቶቹ ቦታቸው ላይ ተመለሱ።

መሀል ላይ «እዚህ ማስገባት አይቻልም?» ብሎ ጠይቆኛል። የሚቻል አይደለም። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥላል፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። «እንግዲያው እዚያው ትኑር» አለ።

ሞተሯ ሲነሣ ስልኩን ኮፈኑ ውስጥ አስገባሁለት። «ዝም በል፣ ላዳምጣት» አለ። እኔም፣ እህቴም ዝም አልን። ከቫልቮቹ በኩል ትንሽ ትክ ትክ የሚል ድምፅ አለ። «እሱ ሲሞቅ ይጠፋል» አለ። ጠፋ።

«አሁን ወስዳ ትመልስሃለች።»

ለቱርቦ ብዬ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ። ዕቃው እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ቅርጫቴ ውስጥ ተቀምጧል። ከአገር ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ አንድም ቀን አልተመለስኩም። ባለፈው ሳምንት የታኅሣሥ ትኬት ቆረጥኩ። ለአባቴ ስነግረው፣ አንድ ላዳ ተከራይተን፣ ማንንም ሳንጭን፣ ሁለታችን ብቻ እንጦጦ ወጥተን እንድንመለስ እፈልጋለሁ አልኩት። እሱ እየነዳ፣ እኔ ፊት ወንበር ላይ።

ትንሽ አሰበ።

«ነዳጁ በአንተ ነው» አለኝ።