ስለ ኳስ ሜዳና ስለ ቡድን

ሰው በሚጠላው ነገር ሲከራከር ጠባዩ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው ቍጣው ብቻ ነው። በሚወደው ነገር ሲከራከር ግን አስተዋይነቱም ስስቱም፥ ትዕግሥቱም ችኮላውም አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ የወጣቶችን ጠባይ ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ቢያዳምጣቸው ብዙ ነገር ይማራል። ኳስ ጨዋታ ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። ልጅ ሕግ ማክበርን፥ ለባልንጀራው ማቀበልን፥ ተሸንፎም እጅ መጨበጥን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚማረው በሜዳ ነውና።

በማጀቴ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጬ ያዳመጥሁት ክርክር ይኸን እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። ክርክሩ ሁለት ጥያቄ ነበረው። አንደኛው «ስታዲዮም የት ይሠራ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ቡድኑ እንዴት ይታደስ?» የሚል ነው። ወጣቶቹ በመጀመሪያ የሚናገሩት ስለ አዲስ አበባና ስለ ብሔራዊው ቡድን ነበር። ጥቂት ቆይተው ግን ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ሜዳና ወደ ራሳቸው ቡድን ተመለሱ። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ የአገር ነገርና የሠፈር ነገር በመጠን ይለያያል እንጂ በባሕርይ አንድ ነው።

ለክርክራቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2020 የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፥ ይኸውም በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚወዳደሩበት፥ በኢትዮጵያ እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። ሜዳዎቹ ስላልተዘጋጁ ውድድሩ ለካሜሩን ተሰጠ። በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል የተጀመረው፥ ስድሳ ሺህ ያህል ሰው እንዲይዝ የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲዮምም በታሰበለት ጊዜ አልደረሰም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርን ስታዲዮም ደረጃውን አያሟላም ብሎ ከለከለ። ስለዚህ ቡድናችን ኅዳር 2 ቀን ከጋና ጋራ የነበረውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ «በሜዳው» ተብሎ በጆሐንስበርግ ተጫወተ፤ አንድ ለአንድም ተለያየ። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብጽን ሁለት ለባዶ ያሸነፈው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። እንግዳ ሆኖ እንዲህ ያሸነፈ ቡድን በአገሩ ሕዝብ ፊት ቢሆን ምን ያህል እልልታ በተሰማ ነበር!

ከወጣቶቹ አንዱ፥ «ትልቁ ስታዲዮም እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ነገር መሥራት ከንቱ ነው» አለ። ሁለተኛው፥ «የለም፤ ለአንድ ትልቅ ስታዲዮም የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ የገጠር ሜዳ ይበቃል፤ ተጨዋች የሚገኘው ከገጠር ሜዳ ነው» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው። ደረጃ የሚባለው ነገር ለታይታ የተፈለሰፈ አይደለም። ሣሩ ደልዳላ ካልሆነ የተጨዋች ቁርጭምጭሚት ይወልቃል፤ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ከሌለው ክረምት ሜዳውን ረግረግ ያደርገዋል፤ በቂ መውጫ በር ከሌለው ሕዝብ ሲደነግጥ ተረጋግጦ ያልቃል። ነገር ግን ከሥር ሜዳ የሌለው ትልቅ ስታዲዮም ምንጭ የሌለው የውሃ ጉድጓድ ነው።

ስለ ቦታ መረጣ የሚነገር አንድ የአሜሪካ ታሪክ አለ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት፥ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ አላቸው። በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ክፍል ዶጀርስ የሚባል ቡድን ነበር። በዘር ልዩነት ምክንያት ጥቁሮች ከትልቁ ሊግ ተከልክለው ሲኖሩ፥ በ1947 እ.ኤ.አ. ጃኪ ሮቢንሰንን አሰልፎ ያንን አጥር የሰበረው ይህ ቡድን ነው። የብሩክሊን ሕዝብ ቡድኑን እንደ ዘመድ ይወደው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሲሸነፍም አልተለየውም። በ1955 እ.ኤ.አ. ዋንጫውን አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ቡድኑ ሄደ። ባለቤቱ ዋልተር ኦማሊ አሮጌው ሜዳ ስለ ጠበበው በዚያው በብሩክሊን ሌላ ቦታ ፈለገ፤ የከተማው ሹም ሮበርት ሞዝስ ደግሞ በሌላ የከተማው ክፍል ካልሆነ አይሆንም አለ። ሁለቱ ሳይስማሙ ቀሩና ቡድኑ አህጉሩን አቋርጦ ሎስ አንጀለስ ገባ። አሮጌው ሜዳ በ1960 እ.ኤ.አ. ፈርሶ መኖሪያ ቤት ተሠራበት።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በሎስ አንጀለስ አዲሱ ስታዲዮም የተሠራበት ኮረብታ ባዶ መሬት አልነበረም። ከሜክሲኮ ዘር የሆኑ ድኾች ቤትና ጓሮ ነበራቸው። አስቀድሞ «አዲስ ቤት እንሠራላችኋለን» ተብለው ተነሥተው ነበር፤ የተባለው ቤት ግን አልተሠራም፤ የመጨረሻዎቹም በ1959 እ.ኤ.አ. በፖሊስ ተጐትተው ወጡ። ስታዲዮሙ በ1962 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ እጅግም ያማረ ነው። እንግዲህ በአንድ ስታዲዮም ምክንያት የአንዱ ከተማ ሕዝብ የሚወደውን ቡድን አጣ፥ የሌላው ከተማ ድኻ ደግሞ ተነሥቶ በሄደበት መሬት የሌላ ሰው ደስታ ተተከለበት። ሜዳ የት ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ በዚያ ቦታ አሁን ማን አለ ብሎም መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ማጀቴ ወጣቶች ክርክር ልመለስ። ለሜዳ የታሰቡት ቦታዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ወደ ወንዙ በኩል ያለው ደልዳላ ነው፤ ማንም አይገባኝም የሚለው ስለ ሌለ ብዙዎቹ መረጡት። ሁለተኛው ለመንገድ ቅርብ የሆነው የወል ግጦሽ ነው። ወጣቶቹ ከመጮኽ ይልቅ ለመለካት በመስማማታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105 ሜትር፥ ስፋቱ 68 ሜትር ነው፤ ይህም 7140 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ነው ብለን ብንቈጥር ሦስት ጥማድ ያህል መሬት ማለት ነው፤ ለተመልካች ዳር ዳሩን ሲጨምሩበት ወደ አራት ጥማድ ይደርሳል። ማሾና ማሽላ ለሚዘራ የይፋት ገበሬ አራት ጥማድ የቤተ ሰብ ቀለብ ነው። ደግሞም የሜዳው ርዝመት ከሰሜን ወደ ደቡብ ካልተዘረጋ የማታ ፀሓይ የአንዱን በረኛ ዓይን ትወጋለች። ይኸን ሁሉ በገመድና በእርምጃ ሲለኩ፥ በወንዙ ዳር ዛፎች ግንድ ላይ ከወገብ በላይ የጎርፍ ደለል ተለጥፎ አገኙ። ከመንዝ ተራራ የሚወርደው የክረምት ውሃ የሜዳ ደጋፊ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዱት።

የቀረው የግጦሹ ቦታ ነው። በዚያ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ «ልጆቼ፥ ሜዳው መልካም ነው። ግን አንድ ላም ብቻ ያለቻት ባልቴት ላሟን ወዴት ትውሰድ?» ከወጣቶቹ አንዱ፥ «አባባ፥ እርስዎ ደግሞ አገር ሲሠለጥን ላም ያነሣሉ!» አላቸው። ሽማግሌውም ሳይቈጡ፥ «ልጄ፥ አንተም ያደግኸው በላም ወተት ነው» ብለው መለሱለት። ሌላው ደግሞ፥ «በ2013 አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ፤ ሰው ገና ቤቱን አልከደነም። እኛ ስለ ኳስ እናወራለን!» አለ። ሁሉም ዝም አሉ።

ዝምታውን የሰበሩት እኚያው ሽማግሌ ናቸው። «ሜዳ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው» አሉ። «በዚህ ቆላ አማራውም ኦሮሞውም አርጎባውም፥ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይኖራል። ገበያ ያገናኘናል፤ ገበያ ግን ትርፍና ኪሳራ አለበት። ልጆች ያለ ሒሳብ የሚገናኙበት ቦታ ይኑር። ስለዚህ ሜዳው ከሁሉም መንደር የሚደረስበት ይሁን፤ የአንዱ ሠፈር ጓሮ አይሁን።» በኋላም ባለ ከብቶቹ ተጠየቁ። ጧት ጧት ከብቶቹ እንዲግጡ፥ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ልጆች እንዲጫወቱ፥ ለከብቶቹም በዳር በኩል የውሃ መንገድ እንዲተው ተስማሙ። ሣሩን የሚያጭድ ሰው መቅጠርም ቀረ። ባለቤቱን የጠየቀ ሰው ካሰበው በላይ አገኘ፤ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» መባሉም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቡድንን ስለ ማደስ ነበር። በሻይ ቤቱ ብዙ ድጋፍ ያገኘው ቃል «ሁሉንም ማባረር ነው!» የሚል ነበር። ይህ ቃል ለጆሮ ይጥማል፤ ሥራው ግን ለአፍ እንደሚቀለው አይቀልም። የራሳችን ታሪክ ይመስክር። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ ቡድናችን ለፍጻሜ ቀርቦ በግብጽ አራት ለባዶ ተሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በዚያው ባላጋራ እንደ ገና አራት ለባዶ ተሸነፈ። ያን ጊዜ «ይህ ቡድን አይረባም፤ ይበተን» ያለ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ይድነቃቸው ተሰማ ባሠለጠኑት፥ ሉቻኖ ቫሳሎ በመሩት፥ መንግሥቱ ወርቁም በተሰለፈበት ቡድን ያንኑ ባላጋራ በጭማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። ከመጀመሪያው ሽንፈት እስከ ድሉ አምስት ዓመት ያህል ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የዚያ ታሪክ ሌላ ፊትም አለው። ድል ያገኘ ቡድን ተተኪ ካላሳደገ ድሉ ትዝታ ብቻ ይሆናል። ከ1982 እ.ኤ.አ. ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ ማደስ ማለት ዛሬ ያሉትን ማባረር ሳይሆን የነገዎቹን ዛሬ መዝራት ነው።

የማጀቴ ወጣቶችም የሚያባርሩት ሰው ነበራቸው፤ በረኛቸው ነው። በአንድ ጨዋታ አምስት ግብ ገባበት። ደጋፊዎቹ ስም አወጡለት፤ ልጆችም በመንገድ ይጠሩት ጀመር። ቡድኑን ለማደስ በተሰበሰቡ ቀን አንድ ባልንጀራው ተነሥቶ፥ «ስምንት ወር ልምምድ ያልመጣው ለምን እንደ ሆነ የጠየቀው አለ?» አላቸው። ልጁ ጦርነቱ ያፈረሰውን የአባቱን ቤት ጭቃ ሲያቦካና ማገር ሲያስር ነበር። ሁለት ግድግዳ ለብቻው አቁሟል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ለታናናሾቹ አዲስ በረኛ ተመረጠ፤ እርሱ ግን አልተባረረም፤ አዲሱን እንዲያስተምር ተሾመ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ቡድኑ ሁሉ ሄዶ ሦስተኛውን ግድግዳ አቆመ። እኔ ከሰማኋቸው የቡድን እድሳት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ መከራከርን አልነቅፍም። የማይከራከር ሕዝብ ሌላ ሰው በመረጠለት ሜዳ ይቀመጣል። ነገር ግን ስለ ቦታ ስትከራከሩ መሬቱን ረግጣችሁ ለኩ፤ በላዩ የሚኖረውን ጠይቁ፤ ከሩቅ ለሚመጣው ልጅ መንገዱን አስቡለት። ስለ ቡድን ስትከራከሩ ደግሞ የሠራተኛውን ድካም ሳታውቁ ስም አታውጡ፤ የሚተካውን ሳታሳድጉ ያለውን አትጣሉ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንባችሁ። ደጋፊ ማለት መደገፊያ ማለት ነው፤ ምሰሶም የሚመረመረው ነፋስ ሲመጣ ነው። ቡድናችሁ ሲያሸንፍ መጮኽ ለማንም አይከብድም፤ ሲሸነፍ አብሮ መቆም፥ ሲፈርስም ጭቃ ይዞ መምጣት ግን የእውነተኛ ወዳጅ ሥራ ነው።