«እነሱ» ስንል



ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ሲደርስ እኛ መቱ ነበርን። ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከተራዊሕ ስንወጣ ስልኮቻችን በፎቶና በቪዲዮ ተጥለቅልቀዋል። ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። ሐዘናችንም ቁጣችንም የእውነት ነበር። ያን ሌሊት ያደረግነው ነገር ግን እስካሁን ያሳፍረናል።

ቤት ሲቃጠል የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ደረሰን። ከየት እንደመጣ ሳንጠይቅ የሰፈራችን ኳስ ቡድን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅነው። ከሥሩም «እነሱ ድሮም እንዲህ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ጉርብትና የለም» ብለን ጻፍንበት። ለሱሑር ስንነሳ ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ከፍቶ ሰማው። ሰዎቹ የሚናገሩት የአገራችንን ቋንቋ አይደለም። ቪዲዮው የሌላ አገር፣ ያውም የቆየ ነበር። ወሬን ስለማጣራት ሱረቱል ሑጁራት ላይ ያለውን ከልጅነታችን ቀርተናል፤ ያን ሌሊት ግን አንዳችንም አላስታወስነውም።

ግሩፑ ውስጥ በየዓመቱ አብሮን የሚያፈጥር ክርስቲያን ጓደኛ ነበረን። «እነሱ ያላችሁት እኔንም ነው?» ብሎ ጻፈና ወጣ።

ቪዲዮውን አጠፋነው። ግን አንዱ ወደ ጎሬ፣ ሌላው ወደ በደሌ ልኮት ነበር። ማስተባበያ ጻፍን፤ ማን ያነበዋል?

ቪዲዮው እውነት ቢሆን ኖሮስ? ጽሑፋችን ያው ጥላቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድ ንግግርን ነው። እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ገዳዩ ይያዝ፣ ፍትሕ ይሰጠን ማለት መብታችን ነው። እኛ ግን ከገዳዩ ተነስተን ጎረቤታችን ላይ ደረስን። ለኢሉባቦር ልጅ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በጥቅምት 2010 ጮራና ዴጋ ላይ ሰው በማንነቱ ተገድሏል፣ ተፈናቅሏል።

አሁን እምነታችንን የሚሳደብ ጽሑፍ ስናይ ከሥሩ ገብተን አንሳደብም። ኮሜንት በበዛ ቁጥር የሚያየው ሰው ይበዛል። ስክሪንሾቱን ከነሊንኩና ከነቀኑ እንይዝና ሪፖርት እናደርጋለን። ሪፖርት ሁሌ ይሠራል አንልም። ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ላይ ተገድለዋል። ልጃቸው ስለ አባቱ የተለጠፈውን ለፌስቡክ ቀድሞ አመልክቶ እንደነበር ገልጾ ኩባንያውን ኬንያ ፍርድ ቤት ከሷል። ስለዚህ በስሙ የተጠራ ሰው ካለ ሪፖርቱን ብቻ አንጠብቅም፤ ደውለን እንነግረዋለን።

ከዒድ በኋላ ጓደኛችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናቱ ቡና አፈሉልን። በቀጣዩ ረመዳንም አብሮን አፈጠረ። ወደ ግሩፑ ግን አልተመለሰም።