ኳስ የሌለበት የኳስ ጨዋታ

በአገራችን «ኳስ» ከተባለ ኳሱ አንድ ነው። «ዛሬ ኳስ አለ» ያለን ሰው «በእግር ነው በእጅ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወላይታ ሶዶ ደግሞ ይብስባታል። ወላይታ ድቻ የሚባል ክለብ ያላት ከተማ ናት። ይኸው ክለብ በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ካይሮ ድረስ ሄዶ ዛማሌክን የሚያህል ግዙፍ በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አሰናብቶታል። የሶዶ ሰው ይህን ሲተርክ ዛሬም ድምፁ ከፍ ይላል። የዳሞታ ተራራ ያን ቀን ሁለት ክንድ ጨምሯል የሚል ጨዋታ አዋቂም አጋጥሞኛል።

እንግዲህ በዚህች ከተማ የሚኖር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አሜሪካ ላለው አጎቱ «የኳስ ጌም ላክልኝ» ብሎ ቢጽፍ ምን ማለቱ እንደሆነ አስተርጓሚ አያሻውም። አጎትየው ግን ዕቃውን እንዲገዙ የላከው እዚያው የተወለዱ ልጆቹን ነበር። እነሱ ደግሞ ኳስ የሚሉት ሌላ ነው። እናላችሁ፣ ለ2017 ዓ.ም. ጊፋታ በመንገደኛ ሻንጣ ሶዶ የደረሰው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ሲከፈት ከጎኑ የተገኘችው ዲስክ «ኤም ኤል ቢ ዘ ሾው 24» የምትል ሆነች። ቤዝቦል!

ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። እኔም ለበዓሉ ወርጄ ነበርና ዲስኳን እንደ ሐሰተኛ ብር ወደ አምፖሉ አንሥቶ ሲያገላብጣት አይቻለሁ። በማግስቱ ይዟት ወጣ። በሶዶም እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን በጨዋታ ሒሳብ የሚያስከፍሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ፤ ሐሳቡ በእግር ኳስ ሊለውጣት ነበር። ሦስት ቤት ዞሮ ተመለሰ። አንዱ ባለቤት «በነፃም አልወስዳት» ብሎታል።

ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ከሰማ ገና ሁለት ሳምንት ገደማው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ታስታውሱ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ከቀሪዎቹ ጋር ነው። በቤቱ ስለዚህ ጉዳይ አይወራም። አይወራም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፤ እናቱ ጓዳ ውስጥ ሰሃን ስታስቀምጥ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ፕሌይስቴሽኑ በዚህ ጊዜ መምጣቱ ለእሷ በቁስል ላይ ሚጥሚጣ ነው። «ጋሽዬ፣ አንተ እንኳ ምከረው እንጂ!» አለችኝ። እኔም ልመክር ገብቼ አብሬው ተቀመጥሁ።

ሕጉን ሁለታችንም አናውቀውም። እንግሊዝኛውን እሱ ያነባል፣ እኔ እፈታለሁ። ቀስ በቀስ ተገለጠልን። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል። ሦስት ሰው ሲወጣ ዱላው ለሌላው ቡድን ያልፋል። ይህ ዘጠኝ ጊዜ ይመላለሳል። ሰዓት የሚባል ነገር ጨዋታውን አያስቆመውም። ልጁን ያስደነቀው ይሄ ነው።

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሲያልቅ።»

«እንደ ሽማግሌዎች ስብሰባ በለኛ!»

ስነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን «እውነት መሰልነት» የምንለው ነገር ነበረን። ልቦለድ እውነት የመሆን ግዴታ የለበትም፤ እውነት የመምሰል ግዴታ ግን አለበት እንል ነበር። ይህን ጨዋታ የሠሩት ሰዎች ያንን ትምህርት ከእኔ ተማሪዎች በተሻለ የተከታተሉ ይመስለኛል። የሶኒ የሳንዲያጎ ስቱዲዮ «ዘ ሾው» በሚለው ስም ማውጣት የጀመረው በ2006 ነው (የአሜሪካኖቹን ነገር በራሳቸው አቆጣጠር ልተወው)። ከወርዋሪው እግር ሥር የሚነሣው አቧራ፣ መቺው ከመቆሙ በፊት ጓንቱን የሚያጠብቅበት አኳኋን፣ ሁሉም ከሕይወት የተቀዳ ነው። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን መንገድ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው፤ አይታዘንልህም። ኳሷን አይቼ ልወስን ካልህ አልፋሃለች። የልጁ አውራ ጣት በእግር ኳስ የሠለጠነ ነውና መጀመሪያ ይቸኩላል፣ ሲነገረው ደግሞ ይዘገያል። ሁለት ቀን ሙሉ አየር መታ።

ታዲያ በዚህ መሐል አንድ ቁጥር አገኘን። በቤዝቦል ከአሥር ሦስት ጊዜ በትክክል የመታ ሰው ጎበዝ ይባላል። ሰባቱን ስቶ! ልጁ ይህን እንደተረዳ ወደ ጓዳ ዞሮ ጮኸ።

«እማዬ! እዚህ አገር ከመቶ ሠላሳ ያመጣ ጀግና ነው!»

ከጓዳ መልስ አልመጣም። ሰሃን ተቀመጠ።

እውነት መሰሉ ዓለም ድንበር እንዳለው ያየነው ግን ልጁ የራሱን ተጫዋች የፈጠረ ዕለት ነው። ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ የፊቱን ቀለም ሁሉ አስተካከለ። ስሙን ጻፈ። ማሊያው ጀርባ ላይ የወላይታ ስም ተጽፎ ሲሮጥ ማየት እኔንም ደስ አሰኝቶኛል፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ችግሩ የጨዋታው አስተላላፊ ነው። አስተላላፊው የሚጠራው አስቀድሞ በድምፅ የተቀዳለትን ስም ብቻ ነው፤ የእኛን ልጅ ስም የቀዳ የለም። የሌሎቹን በየስማቸው ሲያሞካሽ ይቆይና የእኛው ተራ ሲደርስ ስም ሳይጠራ ያልፈዋል። ልጁ «ምናለበት አንዴ ቢለኝ» አለ። ሣሩን ቅጠል በቅጠል የሠራ ጨዋታ!

በሦስተኛው ቀን «ስቶሪላይንስ» የሚባለውን ክፍል ከፈትን። እዚህ ውስጥ ካንሳስ ሲቲ ያለው የኔግሮ ሊግ ቤዝቦል ሙዚየም ፕሬዚዳንት ቦብ ኬንድሪክ እንደ ጥሩ ተራኪ አያት ታሪክ ይነግራሉ፤ ታሪኩ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ሲደርስ ዱላው ለተጫዋቹ ይሰጠዋል። ታሪኩ ባጭሩ ይኸው ነው። ጥቁሮች ከትልቁ ሊግ ለአሥርተ ዓመታት ተከልክለው ኖሩ፤ በ1920 የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ፤ ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ሚያዝያ ወር ላይ ግድግዳውን ጥሶ ገባ። ጆሽ ጊብሰን የሚባለው ኃይለኛ መቺ ያን ቀን ሳያይ ሦስት ወር ሲቀረው በ35 ዓመቱ ሞተ። ትልቁ ሊግ እነዚያን የጥቁሮች ሊጎች እኩል ናቸው ብሎ የተቀበለው በ2020 መጨረሻ ነው፤ ቁጥራቸውን ወደ መዝገቡ ያስገባው ደግሞ በ2024። ያኔ ጊብሰን በ0.372 አማካይ የምንጊዜም አንደኛ መቺ ሆነ። ከሞተ 77 ዓመቱ! ጨዋታው ግን ይህን ክፍል የጀመረው በ2023 ነበርና የልጆች መጫወቻ ከመዝገብ ሹሞቹ በአንድ ዓመት ቀድሟል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቶኒ ስቶን ላይ ደረስን። ሴት ናት። በ1953 ከወንዶች ጋር፣ በወንዶች ሊግ፣ ለኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ የተጫወተች። የቡድኑን ስም ሳነብ ቆም አልሁ። ይህን ቡድን ከመጻሕፍት አውቀዋለሁ።

«ይሄ ቡድን ቀድሞ ስሙ ማን ነበር መሰለህ?» አልሁት። «የኢትዮጵያ ክላውንስ።»

ልጁ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «የኛ ነበር?» አለ። ፊቱ እንዴት እንደበራ! ከውጤቱ ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም ነበር። እዚያው ላይ ማቆም ይቻል ነበር። አስተማሪ የነበረ ሰው ግን ግማሽ ነገር ተናግሮ መተኛት አይሆንለትም።

«ክላውን» ማለት ፊቱን ተቀብቶ ሰው የሚያስቅ ማለት ነው። ቡድኑ በ1930ዎቹ ማያሚ ውስጥ ተነሣ። ዘመኑ ጣልያን የወረረን ዘመን ነው፤ የኢትዮጵያ ስም በየጋዜጣው፣ በየሬዲዮው ይሰማል። ስም ደግሞ ትኬት ያሸጣል። ተጫዋቾቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ፊታቸውን በቀለም ይቀባሉ፤ የአፍሪካ የሚመስሉ የፈጠራ ስሞች ይሰጧቸዋል። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ሳለች «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሜዳዎች ማሳቂያ ሆኖ ይዞር ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ መጥቶ በእኛ ሰማይ ላይ ሲበር ነበር፤ ኋላም ተመልሶ እዚሁ ኖሮ እዚሁ አረፈ። አንዱ ሕዝብ ነው ሁለቱንም ያወጣው።

የጥቁሮቹ ጋዜጦችና የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች ነገሩን አልወደዱትም። «በደም የምትታገልን አገር ስም ለቀልድ?» የሚል ቁጣ ነበር። ክላውንሶቹ በ1943 ወደ ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገቡ የፊቱን ቀለምና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም እንዲተዉ ተደረገ። መጀመሪያ ሲንሲናቲ፣ ኋላም ኢንዲያናፖሊስ ተባሉ። ስማችን ከብዙ ቦታ ተፍቋል፤ ለክብራችን ተብሎ የተፋቀበት ቦታ ግን ብዙ አላውቅም።

ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀኝን ጥያቄ በሃያ ዓመት ማስተማር ውስጥ ከብዙ ተማሪ አልሰማሁትም።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ይቅርና... ይችሉ ነበር?»

እንዴታ! ሄንሪ አሮን፣ ያ በ755 ሆምራን የጨረሰው አሮን፣ በ1952 በአሥራ ስምንት ዓመቱ የተነሣው ከእነዚሁ ክላውንሶች ነው። ቀለም ተቀብቶ መሳቅ እንጀራቸው ነበር፤ መጫወት ግን ያውቁበታል። እኔ በእነዚያ ሰዎች ለመፍረድ አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ሆቴል የማያሳድራቸው፣ ምግብ ቤት የማያስገባቸው መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት። ስሙን የመረጠው ነጋዴ ላይ ግን እፈርዳለሁ።

አንድ ትርኢት ነበራቸው፤ «የጥላ ኳስ» ልንለው እንችላለን። ሜዳ ውስጥ ይገቡና ያለ ኳስ ይጫወታሉ። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው ይመታል፣ ሯጩ ይሮጣል፣ ያዡ ተንከባልሎ ይቀልባል። ኳስ የለም። ተመልካቹ ግን በዓይኑ ይከተላታል። እውነት መሰልነት ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የሶዶው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን እኔና የእህቴ ልጅ ስንሸሻት የሰነበትነውም ኳስ የለችም፤ መብራት ኃይል ከፈቀደ የምትታይ፣ ካልፈቀደ መሐል መንገድ ላይ የምትጠፋ ናት። አንዴ እንዲያውም ስምንተኛው ዙር ላይ ጠፍታብናለች። ልጁ ጨለማ ውስጥ ዱላ የያዘ መስሎ ተነሥቶ ቆመና «ወርውር ጋሼ» አለኝ። ወረወርሁ። ከቤት አስወጥቶ ዳሞታ ላይ እንዳሳረፋት ነገረኝ።

መብራቱ ሲመለስ ቶኒ ስቶን ዱላዋን ይዛ ቆማ ነበር። የልጁ ታናሽ እህት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቡና ልታቀራርብ የረከቦቱን ሲኒ እንደያዘች ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«ይቺ ሴት ናት እንዴ?»

«ናት።»

«ስጠኝ እስቲ።»

«አትችይም፤ በጣም ፈጣን ነው» አላት ወንድሟ፤ ለሦስት ቀን አየር ሲመታ የሰነበተው። ሲኒውን እኔ ተቀበልኋት። የመጀመሪያዋን ሳተች። ሁለተኛዋንም ሳተች። ከጓዳ «አንቺ! ጀበናው ገነፈለ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«መጣሁ! አንድ ቀርታኛለች!»

እናትየዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። ልትቆጣ እንደነበር ከአፏ አከፋፈት ታውቃላችሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዱላዋን አንሥታ የቆመችውን ጥቁር ሴት ስታይ ቁጣው ያዝ አላት።

«ይቺ ደግሞ ማነች?»

ልጅቱ ዓይኗን አልነቀለችም። «ቆይ እማዬ፣ ሊወረውር ነው።»